ዛሬ ጀምሪ፣ ሱቁን ግን ገና አትከራዪ

ጥያቄው፦ «27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ አራት ዓመት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። 240,000 ብር አጠራቅሜአለሁ። እናቴ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት የባልትና ባለሙያ ናት። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀን ለመሸጥ አስበናል። አራዳ አካባቢ በወር 8,000 ብር የሚከራይ ሱቅ አግኝቻለሁ፤ የ6 ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ። ጓደኛዬ ‹ገበያው ቀድሞ ለያዘው ነው፣ ለአዲስ ዓመት ክፈቺ› ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ነገሩ እስኪረጋጋ ጠብቂ› ይለኛል። ሥራ የሚሳካው በጊዜው ነው ወይስ በልፋት? ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ቶሎ የመለስኩልሽም ለዚሁ ነው። ይቺ ሳምንት ለአንቺ ዋጋ አላት። ለምን እንደሆነ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

ጎንደርና ዙሪያዋ አነስተኛ ሥራ የሚጀምሩ ሰዎችን ማማከር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የአንቺን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጓደኛሽም አጎትሽም እውነት አላቸው። የሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለቱም «መጀመር» ሲሉ ሱቅ መክፈት ማለታቸው ነው። ባልትና ግን በሱቅ አይጀመርም። የሚጀመረው ከጥሬ ዕቃው፣ ከሚዛኑና ከደብተሩ ነው። ሱቁ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። ሥራውን ዛሬ ጀምሪ። ሱቁን ግን ቢያንስ እስከ ጥር አትከራዪ።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. እኔ ራሴ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ከፍቼ ነበር። ቦታው ጥሩ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ብዙ አይርቅም። ማሽኑም ጥሩ ነበር። ልፋትም አልጎደለኝም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከፍቼ ማታ 3 ሰዓት ነበር የምዘጋው። የከፈትኩት ግን ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። «ቀድሜ ቦታዬን ልያዝ» ብዬ። ሐምሌ ላይ ተማሪው ወደየአገሩ ሄደ። ኪራዩ ግን የትም አልሄደም። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ከኪሴ ከፈልኩ። ጥቅምት ላይ ተማሪው ተመልሶ ሰው በሬ ላይ ሲሰለፍ፣ ወረቀትና ቀለም የምገዛበት ብር እጄ ላይ አልነበረም። ከእኔ ሦስት በር አልፎ አንድ ልጅ መስከረም መጨረሻ ላይ ከፍቶ ወረቀቱን ደርድሮ ጠበቃቸው። ከእኔ የበለጠ አልለፋም። ከእኔ ቀድሞም አልከፈተም። ገበያው ሲመጣ ግን እጁ ላይ ብር ነበረው።

በጊዜው መገኘት ማለት ይሄ ነው። ገበያው በር ላይ ሲደርስ እጅ ባዶ አለመሆን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የ6 ወር ቅድሚያ 48,000 ብር ነው። ካለሽ ገንዘብ አንድ አምስተኛው። ለአዲስ ዓመት ብትከፍቺ ይህ ብር ነሐሴ ላይ ይወጣል። መስከረም ላይ ታዲያ ምን ትሸጫለሽ? አዲሱ ዛላ በርበሬ ገና ማሳ ላይ ነው። ወደ ገበያ መግባት የሚጀምረው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ኅዳርና ታህሳስ ይበዛል። መስከረም ላይ የምታገኚው የአምናውን ነው። ክረምት ያለፈበት፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣ አንዳንዴም ውስጡ የሻገተ። ዋጋውም ብዙ ጊዜ የሚወደደው ያኔ ነው። አንቺ ደግሞ አዲስ ስለሆንሽ መጀመሪያ የሸጥሽው በርበሬ ነው ስምሽ። በአሮጌ ዛላ ስም አይወጣም።

ሌላም አለ። ድልዝ ፀሐይ ይፈልጋል። በርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደልዞ ተሰጥቶ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ነሐሴ ላይ ጎንደር ውስጥ ፀሐይ ተለምና ነው የምትወጣው። እናትሽ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ብትጠይቂያቸው «በዚህ ዝናብ በርበሬ አይነካም» ይሉሻል። ሻጋታው የጣዕም ነገር ብቻ አይደለም። አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመጣው እርጥበት ያገኘው ሻጋታ ነው። ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ማመስና መፍጨት አያጠፋውም። አንዴ ከገባ ገባ ነው። ለዚህ ነው በርበሬ ላይ ጊዜን የምፈራው።

የባልትናን ገበያ የሚነዳው ደግሞ ጾሙና ድግሱ ነው። የባሕረ ሐሳቡን መቁጠሪያ የሚያውቅ ነጋዴ ገበያውን ያውቃል ብልሽ አላጋነንኩም። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ይገባል። በ2018 የካቲት 9 ገባ። በ2019 የሚገባው የካቲት 29 ነው። 20 ቀን ልዩነት አለው። ይህ ለምእመኑ የጾም መግቢያ ነው። ለአንቺ ግን ሁለት ነገር ይነግርሻል።

አንደኛ፣ የሠርጉ ወቅት ይረዝማል። ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ ዋዜማ በ2018 ዓ.ም. 27 ቀን ነበር። በ2019 ግን 47 ቀን ይሆናል። በመሐል የነነዌ 3 ቀን አለች፣ ከየካቲት 15 ጀምሮ። የቀረው ሁሉ የድግስ ወቅት ነው፤ ድግስ ደግሞ በርበሬ ነው። ነገር ግን ልብ በዪ፣ የሠርግ በርበሬ የሚፈልግ ቤተሰብ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው አይመጣም። ኅዳርና ታህሳስ ላይ ነው የሚያስበው። ስለዚህ የሠርጉ ወቅት ለሙሽራው በጥር ይጀምራል፤ ለአንቺ በኅዳር። ከዚያም ወደ ኋላ ስትቆጥሪ፣ ኅዳር ላይ ትዕዛዝ ለመቀበል በመስከረምና በጥቅምት የሚያውቅሽ ሰው መኖር አለበት። መስከረም ላይ የሚያውቅሽ ሰው እንዲኖር ደግሞ ነሐሴ ላይ አንድ ነገር አቅምሰሽው መሆን አለበት። ዛሬ ጀምሪ የምልሽ በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛ፣ የሽሮው ገበያ ራቅ ይልልሻል። ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅለው የደምቢያ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ በቀረችው እርጥበት ነው። የሚሰበሰበው ጥርና የካቲት ላይ ነው። ጾሙ የካቲት 9 ሲገባ ለአዲሱ ሽምብራ ለመድረስ ትቸኩያለሽ። የካቲት 29 ሲሆን ግን አዲሱን ገዝተሽ፣ ለቅመሽ፣ አዘጋጅተሽ ለመድረስ ጊዜ አለሽ። ስለዚህ ብርሽን ሁሉ ኅዳር ላይ በአሮጌ ሽምብራ አትጨርሺው። አተርና ባቄላ ከፈለግሽ ከወገራና ከዳባት በኩል የሚመጣው ኅዳርና ታህሳስ ላይ ይሻላል። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እሷ 43 ቀን ለሽሮ መካከለኛ ገበያ ናት። ትልቁ ግን የ55 ቀኑ ነው።

የድሮ የጎንደር ነጋዴዎች ይህን ያውቁት ነበር። ሲራራ ነጋዴው ክረምት ላይ አይነሳም። ተከዜ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል። ወደ ምጽዋ የሚወርደውም፣ በመተማ ወደ ሱዳን የሚያልፈውም ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ግን ሥራ አልፈታም። በቅሎው ይቀለባል፣ ጭነቱ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ የሚያበድረው ሰው ይፈለጋል። ወንዙ ሲጎድል የሚነሳው ክረምቱን ሲዘጋጅ የከረመው ነው። አጎትሽ «ጠብቂ» ሲሉ ይህን ዓይነት መጠበቅ ከሆነ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

እንግዲህ ይቺ ሳምንት። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች፣ 15 ቀን ናት። በርበሬ አሁን አይነካም ብለናል። ሽሮ ግን ይቻላል። ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይበጠራል፣ ቅመሙ ገብቶ ይፈጫል። እንደ ድልዝ ቀናት ሙሉ ፀሐይ አይጠይቅሽም። 10 ኪሎ ሽምብራ ግዢ። ከ10 አትብለጪ። ከእናትሽ ጋር አዘጋጂው። ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ሚዛንና ደብተር ይዘሽ ተቀመጪ። እናቶቻችን በእጃቸው ልክ ነው የሚሠሩት። «ትንሽ ኮረሪማ» የሚሉት ስንት ግራም ነው? እሳቸው በእጃቸው ከመቀላቀላቸው በፊት መዝኚው። በኋላ 200 ኪሎ ስትሠሪ ጣዕሙ የሚጠበቀው በዚህ ነው። ደንበኛ አንዴ የወደደውን ሁለተኛ ካላገኘው ሦስተኛ አይመጣም።

ከዚያ ስንት ኪሎ ሽሮ እንደወጣ መዝኚ። ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተበጥሮ ከ10 ኪሎው 8 ኪሎ ተኩል ቀረ እንበል፣ ቅመሙን ሳንቆጥር። የሽምብራውን ዋጋ ለ10 አካፍለሽ ዋጋ ካወጣሽ አንድ ኪሎ ሳትሸጪ 1 ኪሎ ተኩል ከስረሻል። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ፣ ይሄ አይከብድሽም። ግን ሰው ለሌላ መሥሪያ ቤት ሲሠራ የሚያሰላውን ለራሱ ሲሆን ይረሳዋል። ባጃጁን፣ ወፍጮውን፣ ማገዶውን ወይም መብራቱን፣ ላስቲኩን ጻፊ። የእናትሽን ጉልበት ዜሮ ብለሽ እንዳትጽፊ። ዛሬ እናት ስለሆኑ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ነገ ሥራው ሲበዛ የምትቀጥሪያት ሴት በነጻ አትሠራም። ያኔ ዋጋሽን ብትጨምሪ ደንበኛው ይሸሻል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ዋጋ ለማውረድ ብለው ሽሮ ውስጥ ጓያ የሚቀላቅሉ አሉ። አታድርጊው። ጓያ በብዛትና በተከታታይ ሲበላ እግር ሽባ ያደርጋል። ዐቢይ ጾም ላይ ሰው 55 ቀን ሽሮ ይበላል። ለዚያ ሰው ጓያ መሸጥ በደል ነው።

ያንን ሽሮ በግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ አሽገሽ ለምታውቂያቸው ቤቶች ሽጪው። በነጻ አትስጪ። በዚህ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ «ማስተዋወቂያ ነው» ይላሉ። በነጻ የቀመሰ ሰው ግን መጥፎ ነው ብሎ አይነግርሽም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። የከፈለ ሰው ነው እውነቱን የሚናገረው። ቅናሽ አድርጊ፣ ግን አስከፍዪ። ዱቤም አትጀምሪ። ሰፈር ውስጥ ዱቤ መጀመር ቀላል ነው፤ መተው ግን ሰው ያጣላል። ከሳምንት በኋላ ደውለሽ «ደግመሽ ትገዢያለሽ?» በዪ። «ጎበዝ፣ በርቱ» የሚለው ምርቃት ነው። «አንድ ኪሎ ላኪልኝ» የሚለው ገበያ ነው። ሁለቱን ለይተሽ ጻፊ።

አሁን ስለ ልፋት። ልፋት የማያስፈልገው ሥራ የለም፤ ጥያቄው የት ይፍሰስ ነው። ሱቅ ውስጥ 14 ሰዓት ቁጭ ማለት ድካም ነው፣ ፍሬው ግን ትንሽ ነው። ባልትና ላይ ልፋትሽ መፍሰስ ያለበት ግዢ ላይ ነው። ትርፍሽ የሚወለደው ስትገዢ ነው። ኅዳር ላይ ቅዳሜ ገበያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተገኚ። ገበሬው ራሱ ይዞት የመጣውን ለማግኘት። ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርሺ ዕቃው እጅ ቀይሮ ታገኚዋለሽ። ዋጋው ጨምሯል፣ ከየት እንደመጣም የሚነግርሽ የለም። ከቻልሽ አንድ ሁለት ጊዜ ቆላ ድባ ድረስ ወርደሽ ዋጋውን እይ። ባትገዢም ደርሶ መልስ ትምህርት ነው።

ኬሻውን ከላይ አይተሽ አትግዢ። አስገልብጪው። ከላይ ቀዩን፣ ከሥር ጠቆር ያለውን መደርደር የቆየ ዘዴ ነው። ዛላውን ጆሮሽ አጠገብ ነቅንቂው። የደረቀ በርበሬ ፍሬው ውስጥ ይንኳኳል። ዝም ካለ እርጥብ ነው፤ ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተረጨም ሊሆን ይችላል። በበርበሬ ዋጋ ውሃ ትገዣለሽ ማለት ነው። ጥራጥሬ ስትገዢ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምረሽ ከድነሽ ነቅንቂው። 15 ደቂቃ ያህል አስቀምጪው። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥበት አለው፣ ለማከማቸት አይሆንም። ሻጩ ፊት ይህን ስታደርጊ መጀመሪያ ይስቃሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጪ ደረቁን ለይተው ያስቀምጡልሻል።

አጎትሽ ስለ መረጋጋቱ ያሉትን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ሥጋታቸው እውነት ነው። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። መኪና ቆሞ ዕቃ የሚበላሽበት አለ። ግን ሙሉ በሙሉ መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ታስታውሺያለሽ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። ያኔ «ትንሽ ልጠብቅ» ብሎ የማሸጊያ ማሽን ያልገዛ አንድ ደንበኛዬ በያዘው ብር በኋላ ግማሹን ማሽን እንኳን መግዛት አቃተው። ብር ቁጭ ሲል ይቀንሳል። ስለዚህ በመሐል ያለውን መንገድ ያዢ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሁሉ አሁን ሥሪ፤ ሙከራውን፣ ደብተሩን፣ የደንበኛውን ዝርዝር፣ የንግድ ፈቃዱንና የብቃት ማረጋገጫውን መጠየቅ። ፈቃድ ላይ የምትጠይቂው ዛሬ ሄደሽ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ነው። የቤት ሁኔታ፣ የጤና ምርመራ፣ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው። ይህ የሚወስደው ጊዜ እንጂ ብዙ ብር አይደለም። ትልቁን ብር የምታወጪው ዛላው ሲገባ ነው። እሱንም በአንድ ቀን ከአንድ ሰው አይደለም። በሦስት ወይም በአራት ጊዜ፣ ከተለያየ አቅጣጫ። አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላው እንዲቀርልሽ።

ከ240,000ው 100,000 ብሩን ለኅዳርና ታህሳስ የበርበሬ ግዢ አስቀምጪ። 50,000ው የካቲት ላይ ለሽምብራ ይጠብቅ። ይሄኛውን አትንኪው፤ በተለይ ጥምቀት ሰሞን። ጥር ላይ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን በበርበሬና በሽሮ ሞልቶ ነው የሚመለሰው፤ ያኔ «ሁሉንም ላውጣው» የሚል ስሜት ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ለጥምቀት እንግዳ በትዕዛዝ ብቻ ሥሪ፣ ግማሽ ቀብድ እየተቀበልሽ። የቀረው ለማሸጊያ፣ ለሚዛን፣ ለወፍጮና ለትራንስፖርት ነው። ከእሱም 30,000 ብር ያህል ለክፉ ቀን ይኑርሽ።

ሱቁስ? እንደ እኔ፣ ቤት ሆነሽ ከሦስት ሳምንት በላይ በተከታታይ «አልቋል» እያልሽ ደንበኛ መመለስ ስትጀምሪ ተከራዪ። ያ ቀን ጥር ላይ ከመጣ ጥሩ ነው። ነነዌ ከመግባቷ በፊት መደርደሪያሽ ይሞላል፣ ለዐቢይ ጾም የሚሸምተው ሰው ሱቁን ቀድሞ አይቶት ይቆያል። ካልመጣ በትዕዛዝ ቀጥዪ፤ ደንበኛሽ ቤትሽን ካወቀ ሱቅ አይጠይቅሽም። የአራዳው ሱቅ ካመለጠሽ ያምልጥሽ። ባለቤቱ «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው» ቢሉሽ አትደንግጪ። ጎንደር ውስጥ የሚከራይ ሱቅ ዓመቱን ሙሉ አለ። ደረቅ አዲስ ዛላ ግን የሚገኘው ወቅቱን ጠብቆ ነው።

ለጓደኛሽም አንድ መልእክት አለኝ። ሐሳቧን ስላልተቀበልሽ እንዳይከፋት። ጉልበት ካላት ኅዳር ላይ ቅዳሜ ገበያ ይዘሻት ሂጂ። በርበሬ ሲመረጥ ሁለት ዓይን አይበቃም።

ነሐሴ 1 ሊገባ ቀናት ናቸው የቀሩት። ሽምብራውን ነገ ግዢ። ፍልሰታ እንዳለቀች የ10 ኪሎውን ወረቀት ላኪልኝ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቤት ደግሞ ጠየቀ። ዋጋውን አብረን እናወጣዋለን።